ቁጥሩ ያው፣ ፋይሉ ሌላ



የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች በላኩልኝ የግብዣ ደብዳቤ ላይ «በሥራዎ ዓለም ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈውን፣ እርስዎ ግን ሊያልፉት ያልቻሉትን አንድ ጉዳይ ይንገሩን» የሚል መስመር ነበረበት። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። ጉዳዩን ለመምረጥ ብዙ አላወጣሁም አላወረድኩም። ዛሬ ማታ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ፋይሎቻችን በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚታወቁበት ቁጥር አለ። ፋይሉ ሲሰረዝ ያ ቁጥር ለሌላ ፋይል ይሰጣል። ፋይሉን በኔትወርክ የምንጋራው ከሆነ ደግሞ፣ የድሮውን ቁጥር ይዞ የቆየ ሌላ ኮምፒውተር የማያውቀውን ፋይል የራሱ መስሎት ሊያነበው፣ ይባስ ብሎም ሊጽፍበት ይችላል። ይህን አደጋ በደኅና የምናልፍበት መንገድ ነው የዛሬው ርእሴ።

ንግግሬን በአምስት ነጥብ እከፍለዋለሁ። አንደኛ፣ ቁጥሩ ለምን ተመልሶ እንደሚሰጥ። ሁለተኛ፣ በኔትወርክ ላይ ለምን አደገኛ እንደሚሆን። ሦስተኛ፣ የተገኘው መፍትሔ። አራተኛ፣ መፍትሔው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች። አምስተኛ፣ እኛ ምን እናድርግ። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሌላው ሁሉ ቢጠፋችሁ እንኳ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ፤ ቁጥር ብቻውን ማንነት አይደለም።

ነገሩን ከኪሳችን እንጀምር። አዲስ ሲም ካርድ አውጥታችሁ ገና ሳምንት ሳይሞላ የማታውቁት ሰው ደውሎ በሌላ ሰው ስም የጠራችሁ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ነን። ያ ደዋይ አልተሳሳተም። የደወለው ከዓመት በፊት መዝግቦ በያዘው ቁጥር ነው፤ አንዲት አኃዝ አላዛነፈም። ቁጥሩ ያው ነው፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። በስልክ ሲሆን ድምፅ ያስታውቃልና «ይቅርታ፣ ተሳስተዋል» ተባብለን እንለያያለን። በድምፅ ፈንታ የባንክ መልእክት ቢሆንስ? የይለፍ ቁጥር ቢሆንስ? መልእክቱ ወደማይመለከተው ሰው ይገባል፤ ላኪውም ደረሰልኝ ብሎ ይተኛል። በፋይሎች ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ፋይል ደግሞ «ተሳስተዋል» የሚልበት አፍ የለውም።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልለፍ፤ ቁጥሩ ለምን ተመልሶ ይሰጣል?

እኛ ፋይልን የምናውቀው በስሙ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። በዩኒክስና በሊኑክስ ቤተሰብ ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል አይኖድ የሚባል መዝገብ አለው። የፋይሉ ባለቤት፣ መጠኑ፣ ማን እንዲያነበው እንደተፈቀደ፣ ይዘቱ በዲስኩ ላይ የት የት እንደተቀመጠ፣ ይህ ሁሉ የሚጻፈው እዚያ ነው። ስሙ ግን እዚያ የለም። ስሙ ያለው በፎልደሩ ውስጥ ነው፤ ፎልደር ማለት «ይህ ስም የዚህ ቁጥር ነው» የሚል ዝርዝር ነው። ስለዚህ የፋይል ስም ሊቀየር ይችላል፤ አንድ ፋይል ሁለትና ሦስት ስም ሊኖረውም ይችላል። ቁጥሩ ግን ፋይሉ በሕይወት እስካለ ድረስ አይለወጥም።

በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ በብዛት የምናገኘውን ኤክስት4 የተባለውን የፋይል ሥርዓት እንውሰድ። ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ የአይኖዶቹ ብዛትም አብሮ ይወሰናል። በተለመደው ቅንብር ለእያንዳንዱ 16,384 ባይት አንድ አይኖድ ይመደባል፤ አንድ ቴራባይት በሚይዝ ዲስክ ላይ ከ60 ሚሊዮን በላይ ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሥራ የበዛበት ሰርቨር በየሰከንዱ ጊዜያዊ ፋይሎችን ሲፈጥርና ሲሰርዝ ይውላል። ቁጥር አንዴ ከተሰጠ አይመለስም ቢባል ዲስኩ ባዶ ቦታ እያለው ቁጥር ያልቅበት ነበር። ከዚህም በላይ ቁጥሩ አድራሻ ነው፤ መዝገቡ በሰንጠረዡ ላይ ስንተኛው ቦታ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ቦታው እንደገና ሥራ ላይ ሲውል ቁጥሩም አብሮ ይመለሳል።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ሞክሩት። ባዶ ፋይል ፍጠሩ። በኤልኤስ ትእዛዝ ላይ የአይ አማራጭን ጨምራችሁ ቁጥሩን እዩ። ፋይሉን ሰርዙት፤ ወዲያው በሌላ ስም ሌላ ፋይል ፍጠሩና ቁጥሩን ደግማችሁ እዩ። በኤክስት4 ላይ ብዙ ጊዜ ያንኑ ቁጥር ታገኙታላችሁ። የሟቹ መቃብር አፈር ሳይደርቅ ቁጥሩን ሌላ ወርሶታል።

ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ ቁጠባ ነው። እኛ ግን አንድ ነገር መረዳት አለብን። ቁጥሩ ልዩ የሚሆነው በቦታ እንጂ በጊዜ አይደለም። በዚህች ደቂቃ በዚህ ዲስክ ላይ ሁለት ፋይሎች አንድ ቁጥር አይጋሩም። የትናንቱና የዛሬው ግን ሊጋሩ ይችላሉ። ቁጥር ብቻውን ማንነት አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ፤ በኔትወርክ ላይ ለምን አደገኛ ይሆናል?

በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እስካለን ድረስ ነገሩ ሰላም ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ከፍቶ ሳለ ሌላው ቢሰርዘው፣ የሚጠፋው ስሙ ብቻ ነው። የሲስተሙ አስኳል የሆነው ኬርነል ፋይሉን ማን ማን እንደያዘው ስለሚቆጥር፣ የመጨረሻው እስኪለቀው ድረስ መዝገቡን አይፍቅም፤ ቁጥሩንም ለሌላ አይሰጥም። የያዘ ሰው እያለ ቁጥሩ አይወረስም።

በኔትወርክ ሲሆን ግን ይህ ጥበቃ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የሰን ማይክሮሲስተምስ መሐንዲሶች ኤንኤፍኤስ የተባለውን የኔትወርክ ፋይል ሥርዓት ለዓለም አቀረቡ። ራስል ሳንድበርግ፣ ዴቪድ ጎልድበርግ፣ ስቲቭ ክላይማን፣ ዳን ዎልሽና ቦብ ላየን በዚያው ዓመት በፖርትላንድ፣ ኦሪገን በተካሄደው የዩስኒክስ ጉባኤ ላይ ንድፉን አስረድተዋል። አንዱ ትልቅ ውሳኔያቸው ሰርቨሩ ማን ምን እንደከፈተ አይመዘግብም የሚል ነበር። ምክንያታቸው ጠንካራ ነው። ሰርቨሩ መብራት ጠፍቶበት ቢወድቅና ቢነሣ የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ የሚረሳውም ነገር የለም፤ ፋይሉን የሚጠይቁት ኮምፒውተሮች፣ ክላይንቶቹ፣ ጥያቄያቸውን ደጋግመው ይልካሉ፤ ሰርቨሩ ሲነሣ ሥራው ይቀጥላል። መብራት በሚጠፋበት አገር የምንሠራ ሰዎች የዚህን ውሳኔ ዋጋ አሳምረን እናውቀዋለን።

ታዲያ ሰርቨሩ የማያስታውስ ከሆነ ክላይንቱ ፋይሉን በምን ይጠራዋል? ፋይል ሃንድል በሚባል ማስያዣ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ስንገባ በር ላይ ስልካችንን አስረክበን ቁጥር ያላት ካርድ እንቀበል የለም? ፋይል ሃንድል ያችን ካርድ ማለት ነው። ክላይንቱ በካርዷ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አይጠበቅበትም፤ ይይዛታል፣ በሚያነብና በሚጽፍ ቁጥር ያሳያታል። ትርጉሟን የሚያውቀው ሰርቨሩ ብቻ ነው። በሁለተኛው የኤንኤፍኤስ እትም ካርዷ 32 ባይት ነበረች፤ በሦስተኛው እስከ 64፣ በአራተኛው እስከ 128 ባይት ልትረዝም ትችላለች።

አሁን ካርዷ ላይ የአይኖዱ ቁጥር ብቻ ተጽፏል እንበል። አልማዝ በሂሳብ ክፍል የደመወዝ ዝርዝሩን ከፍታ እየሠራች ነው። ከበደ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ያንን ፋይል አሮጌ ነው ብሎ ሰረዘው፤ ወዲያው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍበት አዲስ ፋይል ፈጠረ። ሰርቨሩ አልማዝ ፋይሉን እንደያዘችው አያውቅም። ስለዚህ የደመወዙን ቁጥር ለቃለ ጉባኤው ሰጠው። አልማዝ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች። የሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ በቃለ ጉባኤው ላይ ተጻፈበት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አልማዝ አላጠፋችም። ከበደ አላጠፋም። ዲስኩ አልተበላሸም። በማንም ስክሪን ላይ የስህተት መልእክት አልወጣም። ማታ ባክአፕ ሲወሰድ የተበላሸው ፋይል እንደ ደኅና ተገልብጦ ይቀመጣል። ስህተቱ የሚገኘው ከሳምንታት በኋላ፣ ማን መቼ ምን እንዳደረገ ማንም በማያስታውስበት ጊዜ ነው። ከብልሽት ሁሉ የሚከፋው ዝምተኛው ነው።

አደጋው ሌላም መልክ አለው። ክላይንቱ ፍጥነት ለማግኘት የፋይሉን ይዘት በራሱ ማስታወሻ፣ በካሽ ውስጥ ያስቀምጣል። አዲስ ፋይል በአሮጌ ቁጥር ሲመጣበት «ይኼን አውቀዋለሁ» ብሎ የሟቹን ይዘትና መጠን በአዲሱ ላይ ሊለጥፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ የተሳሳተው ክላይንቱ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ከሁለቱም ወገን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ነጥብ፤ መፍትሔው።

መፍትሔውን የእኛ ታሪክ ጸሐፊዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ምኒልክ ብዬ ብቆም የትኛውን ማለቴ ነው? ክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባ ልጅ የሚለውን ወይስ ዓድዋ የዘመቱትን? ስሙ አንድ ነው። ስለዚህ አንዲት ቃል ጨመርን፤ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ ዳግማዊ ምኒልክ። ቴዎድሮስንም ዳግማዊ ቴዎድሮስ እንላለን። የንጉሥ ስም ተመልሶ ይሠራበታል፤ «ዳግማዊ» የምትለው ቃል ግን ዘመኑን ለይታ ትነግረናለች። ስሙ ቢደገምም ንጉሡ አይምታታም።

የሰን መሐንዲሶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ1985ቱ ጽሑፋቸው እንዳስረዱት ካርዷ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል። አንዱ የፋይል ሥርዓቱ መለያ ነው፤ የትኛው ዲስክ እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው የአይኖዱ ቁጥር ነው። ሦስተኛው የትውልድ ቁጥር ነው። አይኖዱ በተለቀቀ ቁጥር የትውልድ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። ሰርቨሩ ካርድ ሲቀርብለት ወደ መዝገቡ ሄዶ ያመሳክራል። ካርዱ ቀዳማዊ ይላል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ዳግማዊ ነው። በዚህ ጊዜ ሰርቨሩ ፋይሉን አይሰጥም። «ይህ ማስያዣ ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ይመልሳል። በሥራ ላይ ያላችሁ «ስቴል ፋይል ሃንድል» የሚለውን መልእክት ታውቁታላችሁ። በፕሮቶኮሉ ውስጥ ስህተት ቁጥር 70 ነው፤ ሊኑክስ ኢስቴል ብሎ በቁጥር 116 ይመዘግበዋል።

ስለዚህ መልእክት አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ ቦታ የፋይል ሰርቨሩ ዲስክ አርጅቶ ነበርና ሌሊቱን ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ አዲስ ዲስክ ገለበጥን። ጠዋት ሰው ሲገባ በየጠረጴዛው «ስቴል ፋይል ሃንድል» ተደረደረ። ስልኩ አላረፈም። አንድ ትጉህ ወጣት ባልደረባዬ «ይህን ፍተሻ ማጥፋት አይቻልም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አብረን ቁጭ ብለን ሁለቱን ዲስኮች አነጻጸርን። በአሮጌው ዲስክ ላይ የአንዱ ክፍል ሪፖርት የነበረው ቁጥር በአዲሱ ላይ የሌላው ክፍል የሠራተኛ ማኅደር ሆኗል። ፋይሎቹ ሁሉ በስማቸው አሉ፤ ቁጥሮቻቸው ግን ተቀላቅለዋል። ያ ፍተሻ ባይኖር ኖሮ ጠዋቱን ማንም ሳያማርር ሥራ ይጀመር ነበር፤ ሁሉም በሰው ፋይል ላይ ይጽፍ ነበር። ክላይንቶቹን ነቅለን ደግመን አያያዝናቸው፣ ፕሮግራሞቹ ፋይሎቻቸውን በስም ከፈቱ፣ ነገሩ አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያን መልእክት ስህተት ብዬ አልጠራውም። ታማኝ ዘበኛ ነው የምለው። የማያውቀውን ሰው አላስገባም ያለ ዘበኛ አይወቀስም።

ይህ ሐሳብ የኤንኤፍኤስ ብቻ አይደለም። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ኤኤፍኤስ ፋይልን የሚጠራው በሦስት ቁጥሮች ነው፤ የክምችቱ ቁጥር፣ የፋይሉ ቁጥርና «ልዩ አድራጊ» ልንለው የምንችለው ሦስተኛ ቁጥር። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ 64 ቢት መለያ አለው፤ 48ቱ የመዝገቡን ቦታ፣ 16ቱ ቦታው ስንት ጊዜ እንደተወረሰ ይናገራሉ። ሉስተር የተባለው የትልልቅ ሱፐርኮምፒውተሮች ፋይል ሥርዓት ደግሞ በ128 ቢት መለያ ይጠቀማል፤ አንዴ የተሰጠ መለያ ዳግመኛ አይሰጥም። ስሙ ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ቁጥር ብቻውን ማንነት አይደለም፤ ዘመኑን ጨምርበት።

አራተኛው ነጥብ፤ መፍትሔው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች።

የመጀመሪያው የቁጥሩ ጥበት ነው። የትውልድ ቁጥርም ቁጥር ነውና ዞሮ ወደ መነሻው ይመለሳል። 16 ቢት 65,536 ያህል ትውልድ ይቆጥራል። አንድ መዝገብ በየሰከንዱ ቢለቀቅና ቢወረስ በ18 ሰዓት ገደማ ዞሮ ይመጣል። በ32 ቢት ግን ከ4 ቢሊዮን በላይ ነው፤ በዚያው ፍጥነት ለመዞር 136 ዓመት ይፈጅበታል። የቢቱ ብዛት የወረቀት ላይ ዝርዝር ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን የአንድ ቀንና የአንድ ሰው ዕድሜ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው የመገመት አደጋ ነው። የትውልድ ቁጥሩ ከዜሮ ጀምሮ አንድ ሁለት እያለ የሚሄድ ከሆነ ክፉ ሰው ካርዷን በግምት ሊሠራት ይችላል። በጥንታዊው ኤንኤፍኤስ ካርዷን የያዘ ብዙ በር ይከፈትለት ስለነበር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በሰን ሲስተሞችና በቢኤስዲ ቤተሰብ ዘንድ የአይኖዶቹን የትውልድ ቁጥር በዘፈቀደ የሚሞላ ኤፍኤስአይራንድ የተባለ ፕሮግራም የተዘጋጀው ለዚህ ነው። ዛሬ ኤክስት4 ፋይል ሲፈጠር የትውልድ ቁጥሩን በዘፈቀደ ይመርጣል። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ሌላ የሊኑክስ የፋይል ሥርዓትም የዘፈቀደ ቁጥር ይጠቀማል፤ መዝገቡ ሲለቀቅም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ጊዜ ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። ዲስኩን እንዳለ፣ ብሎክ በብሎክ፣ ከሳምንት በፊት ከተወሰደ ቅጂ ስንመልሰው የትውልድ ቆጣሪዎቹም አብረው ወደ ሳምንቱ ይመለሳሉ። ክላይንቶቹ ግን የዛሬውን ካርድ ይዘዋል። ቆጣሪው አንድ በአንድ የሚጨምር ከሆነ፣ ከነገ ወዲያ የሚወለድ ሌላ ፋይል ክላይንቱ እጅ ካለው ካርድ ጋር በቁጥርም በትውልድም ሊገጥም ይችላል። እዚህም የዘፈቀደ ምርጫ ይረዳል፤ መድኃኒቱ ግን ከእንዲህ ዓይነት መልሶ ማቋቋም በኋላ ክላይንቶቹን ሁሉ ነቅሎ ደግሞ ማያያዝ ነው።

አራተኛው የትውልድ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ የሌላቸው ናቸው። በፍላሽ ዲስክ የምናውቀው ፋት አይኖድ የሚባል ነገር የለውም። ሊኑክስ በኤንኤፍኤስ ሲያጋራው ሁለት ምርጫ ያቀርባል። ወይ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ካርዱ ግን ድንገት ሊያረጅ ይችላል፤ ወይ ካርዱ ይጸናል፣ ግን ማንበብ ብቻ ነው የምትችሉት። ሁለቱንም እሰጣለሁ ብሎ አይዋሽም። ይህን ሐቀኝነት አደንቃለሁ።

አምስተኛው የተሰበረ ቃል ኪዳን ነው። በቤል ላብስ የተሠራው የፕላን 9 ሲስተም ናይንፒ የተባለ ፕሮቶኮል አለው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ፋይል ተሰርዞ በዚያው ስም ቢፈጠር እንኳ 64 ቢቱ መለያ የተለየ መሆን አለበት። ዛሬ ግን ይኸው ፕሮቶኮል የቨርቹዋል ማሽኖችን ፎልደር ለማጋራት ይሠራበታል። ኬሙ የተባለው ፕሮግራም መለያውን የሚያወጣው ከአስተናጋጁ ሊኑክስ የአይኖድ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ደግሞ፣ አንደኛው ነጥብ ላይ እንዳልነው፣ ይወረሳል። ሕጉ «አይደገምም» ይላል፤ ከሥር ያለው ዲስክ ይደግማል። እንግዲህ በዚህ ላይ ካሽ የሚያስቀምጥ ክላይንት ሌላ ማመሳከሪያ ካልያዘ የሟቹን ይዘት ለአዲሱ ሊያለብሰው ነው።

ስድስተኛው እኛው የምንጽፈው ፕሮግራም ነው። የሎግ ፋይሎችን እየተከታተለ የሚያነበውን ፋይልቢትን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የት ድረስ እንዳነበበ በአይኖድና በዲስክ ቁጥር እንዲያስታውስ ከተቀናበረ፣ አሮጌው ሎግ ተሰርዞ አዲሱ ቁጥሩን ከወረሰ መነበብ ያለባቸውን የመጀመሪያ መስመሮች ሊዘላቸው እንደሚችል የራሱ መመሪያ ያስጠነቅቃል። ኔትወርክ እንኳ አያስፈልግም። ቁጥርን ማንነት ብሎ በማስታወሻ የያዘ ማንኛውም ፕሮግራም በዚህ ወጥመድ ይያዛል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ፤ እኛ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ለሲስተም አስተዳዳሪዎች። «ስቴል ፋይል ሃንድል» ሲመጣ መልእክቱን ለማጥፋት አትሩጡ፤ ምን እንደተለወጠ ጠይቁ። ፋይሉ ተሰርዟል? ዲስኩ ተቀይሯል? ቅጂ ተመልሷል? ሊኑክስ ላይ ስታጋሩ የፋይል ሥርዓቱን መለያ በእጃችሁ የምትወስኑበት ኤፍኤስአይዲ የተባለ አማራጭ አለ። ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ዲስኩን ቀይራችሁ የድሮውን መለያ ለአዲሱ ስትሰጡት በካርዷ ላይ ካሉት ሦስት ነገሮች አንዱን ዘበኛ ራሳችሁ አሰናብታችኋል፤ የአይኖዱ ቁጥር ሊደገም ስለሚችል የቀረው ዘበኛ የትውልድ ቁጥሩ ብቻ ነው። ይዘቱ የተለወጠ ዲስክ አዲስ መለያ ይገባዋል። የትውልድ ቁጥሩን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ የኤልኤስአትር ትእዛዝን ከቪ አማራጭ ጋር አሂዱ፤ ያንን የቤት ሙከራችሁን በዚህ ድገሙት። የአይኖዱ ቁጥር ያው ሆኖ ትውልዱ ሲለወጥ ታያላችሁ።

ቀጥሎ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች። የአይኖድ ቁጥርን በዳታቤዝ ውስጥ የፋይሉ ቋሚ መታወቂያ አድርጋችሁ አትመዝግቡ። ሁለት ፋይሎች አንድ መሆናቸውን በቁጥር ስታነጻጽሩ ሁለቱንም ከፍታችሁ ያዙ፤ በዚያው ኮምፒውተር ላይ የተያዘ ፋይል ቁጥሩ አይወረስምና። በኤንኤፍኤስ ላይ ደግሞ የጻፋችሁት ነገር ክላይንቱ ዘንድ ተቀምጦ ቆይቶ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፋይሉ መሰረዙን የምትሰሙት ስትጽፉ ሳይሆን ስትዘጉት ሊሆን ይችላል። የኤፍሲንክንና የክሎዝን መልስ ሳትመለከቱ አትለፉ። ለማንበብ ሄዳችሁ ኢስቴል ከገጠማችሁ በስሙ ደግማችሁ ክፈቱት። እየጻፋችሁ ሳለ ከገጠማችሁ ግን በስሙ ከፍታችሁ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ፤ በዚያ ስም ያለው ፋይል የእናንተው ላይሆን ይችላልና ለተጠቃሚው ንገሩት።

በመጨረሻ የፋይል ሥርዓት ለሚሠሩ፣ ነገ ለምትሠሩትም ተማሪዎች። ፊውዝ የተባለውን መሣሪያ ይዛችሁ የራሳችሁን የፋይል ሥርዓት የምትጽፉ አላችሁ። ሰነዱ አንድ ግዴታ ይጥልባችኋል፤ በኤንኤፍኤስ የሚጋራ ከሆነ የቁጥሩና የትውልዱ ጥንድ በፋይል ሥርዓቱ ዕድሜ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጥ። ይህን ግዴታ በፈተና ቀን ሳይሆን በንድፉ ቀን አስቡት። የኤንኤፍኤስ ሦስተኛ እትም ሕግም እንዲህ ይላል፤ ከአንድ ሰርቨር የመጡ ሁለት ካርዶች እኩል ከሆኑ የአንድ ፋይል መሆን አለባቸው፤ እኩል ካልሆኑ ግን ምንም አይደመደምም። ክላይንት የምትጽፉ ይህን አክብሩ። ሰርቨር የምትጽፉ ደግሞ ስትጠራጠሩ እንቢ በሉ። እንቢ ያለ ሰርቨር ሥራ ያስፈታል፤ በግምት የሰጠ ሰርቨር ግን ሥራውን ራሱን ያጠፋል። የጠፋውን ሰዓት እናካክሰዋለን፤ በዝምታ የተበላሸውን መዝገብ ግን ማን ያቀናዋል?

ወገኖቼ፣ በሰርቨሮቻችን ላይ ያለው ዝም ብሎ ባይት አይደለም። የሰው ደመወዝ ነው፣ የታማሚ ካርድ ነው፣ የተማሪ ውጤት ነው፣ የመሬት ካርታ ነው። ባለቤቶቹ ስለ አይኖድ ሰምተው አያውቁም፤ እኛን አምነው ተኝተዋል። አደራ ተቀብለናል። አደራ በቁጥር ብቻ አይጠበቅም።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ቁጥር ብቻውን ማንነት አይደለም። ምኒልክ ሲሏችሁ «የትኛው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ፣ ቁጥር ሲያቀርቡላችሁም «የየትኛው ዘመን?» ብላችሁ ጠይቁ። ፕሮግራሞቻችሁንም እንዲህ መጠየቅ አስተምሯቸው።